ለመኖና ለማገዶ አንድ ረድፍ አይበቃም፦ ከባሶና ወራና ወረዳ የአንድ ቤተሰብ የትሪ ሉሰርን ልምድ

በሰሜን ሸዋ ደጋ የመኖ እጥረትና የማገዶ እጥረት ተለያይተው የሚታዩ ችግሮች አይደሉም። ገለባው አልበቃ ሲል ከብቱ ይከሳል፤ ከብቱ የጣለው እበት ደግሞ ፍግ ሆኖ ወደ ማሳ በመመለስ ፈንታ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆንና ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ማሳው ፍግ ባጣ ቁጥር ገብሱም ገለባውም እያነሰ ይሄዳል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ላለ ገበሬ ቶሎ የሚያድግ፣ ቅጠሉ ለከብት፣ እንጨቱ ለምድጃ የሚሆን ዛፍ እንዲተክል መምከር ከቆየ ሰንብቷል፤ ምክሩም በመሠረቱ ትክክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በደንብ የማይነገረው ግን እነዚህ ሁለት ጥቅሞች ከአንድ ዛፍ ላይ ሲፈለጉ እርስ በርስ የሚሻሙ መሆናቸው ነው። መኖ የሚፈልግ ሰው ለጋ ቅጠልና ቀጭን ቀንበጥ ስለሚፈልግ ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል፤ ማገዶ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ግንዱ እስኪወፍር ይጠብቃል። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ አንድ ቤተሰብ ትሪ ሉሰርን በሚባል የመኖ ዛፍ ላይ ይህን ሽሚያ እንዴት እንዳስታረቀና ያላስታረቀው ክፍል የቱ እንደሆነ ያሳያል።

ቦታውና ቤተሰቡ

ቤተሰቡ የሚኖረው በባሶና ወራና ወረዳ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ከሚወስደው ዋና መንገድ ገባ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ በሚሆን ደጋ ላይ ነው። መሬታቸው ተጠቃልሎ አንድ ሄክታር አይሞላም። የታችኛው ክፍል ክረምት ውኃ የሚተኛበት መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ሲሆን፣ የላይኛው ደግሞ ድንጋያማና ተዳፋት፣ በእርከን የተከፋፈለ ቀላል አፈር ነው። ጥንድ በሬ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ ጥቂት የመንዝ በጎችና አንዲት አህያ አላቸው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያመርታሉ፤ በልግ ሲቀና በበልግም ይዘራሉ፤ ይሁንና የበልጉ ነገር አስተማማኝ አይደለም።

ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ለከብቶቹ ክፉ ጊዜ ነው። የግጦሹ መሬት ይላጫል፤ የቀረው የገብስ ገለባ ብቻ ይሆናል። የገብስ ገለባ የፕሮቲን መጠኑ 4 በመቶ አካባቢ ነው፤ የሚያመሰኳ እንስሳ በጨጓራው ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ገለባውን በአግባቡ እንዲያብላሉለት የሚበላው መኖ ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። በመሆኑም ገለባው ቢከመርም እንስሳው የሚበላው እየቀነሰ፣ የበላውም በሆዱ እየቆየ ይከሳል። በከተማ ያሉ አድላቢዎች ይህን ጉድለት በፉርሽካና ከቅባት እህል ዘይት ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው ፋጉሎ ይሞላሉ፤ ይህ ቤተሰብም አልፎ አልፎ ለላሟ ፉርሽካ ይገዛ ነበር፣ ዋጋው ግን ከዓመት ዓመት እየናረ ከአቅሙ በላይ ሆነበት።

ማገዶው ኩበት ነው። ሚስትየውና ትልቋ ልጅ ከመስከረም በኋላ እበቱን ሰብስበው ጠፍጥፈው በግድግዳና በካብ ላይ ያደርቁታል፤ ለቤት ከሚበቃው የተረፈውን በአህያ ጭነው ደብረ ብርሃን ገበያ ይሸጡታል። ኩበት ለዚህ ቤት ማገዶ ብቻ ሳይሆን የእናትየው የእጅ ገንዘብም ነው፤ ይህን ሳያዩ «ኩበት ማቃጠል ይቁም» እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ለምን እንደማይሰሙ መገመት አያስቸግርም።

ዛፉ ለምን ትሪ ሉሰርን ሆነ

ትሪ ሉሰርን የካናሪ ደሴቶች ተወላጅ ነው። ከባቄላና ከአተር ወገን በመሆኑ በሥሩ ላይ ባሉት እጢዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ይጠቀማል፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ የቅጠሉ የፕሮቲን መጠንም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ነጭ አበባውን ንቦች ስለሚወዱት ቀፎ ላለው ሰው ተጨማሪ ጥቅም አለው። ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ከፍታ የሚቋቋም መሆኑ ነው ያስመረጠው። ሉኪንያ የተባለው ሌላው የመኖ ዛፍ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ቆላ እንጂ እዚህ ውርጭ ባለበት አገር አይሆንም። ሰስባንያም ውኃ የሚተኛበትን መሬት የሚችል ጥሩ የመኖ ዛፍ ሆኖ ሳለ ውርጭ ይገድለዋል። ስለዚህ ለወይና ደጋ የተጻፈን የምክር ወረቀት ይዞ ደጋ የወጣ ባለሙያ ገበሬውን ቢያከስረው የዛፉ ጥፋት አይደለም።

ችግኞቹ የተተከሉት በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያ ክረምት የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የተጀመረበትና ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ያስታወቀበት ነበር፤ በመሆኑም ችግኝ ማግኘት አላስቸገረም። አባወራው ያገኙትን ችግኝ በሦስት ቦታ ተከሉት፦ በጓሮው አጥር ዙሪያ፣ በላይኛው ማሳ የእርከን ካቦች ላይና በታችኛው መረሬ ዳርቻ። የመረሬው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ትሪ ሉሰርን ሥሩ ውኃ ሲተኛበት ስለሚበሰብስ ክረምቱ እንኳ ሳይወጣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። በእርከኑ ላይ የተተከለው ውኃ ስለሚንጠፈጠፍለት ያዘ፤ ይሁን እንጂ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ለጋ ጫፉን አቃጠለው። ጓሮው በቤቱና በአጥሩ ስለተከለለ ከውርጩም ከነፋሱም በብዙ ተረፈ፣ በገለባ የተሸፈነውም በተሻለ ሁኔታ ዳነ።

የባሰው ጉዳት ግን ከአዝመራ በኋላ መጣ። ሰብሉ ከተነሣ ወዲህ የሰፈሩ ከብት በቃርሚያ ላይ ተለቆ የሚግጥበት ልማድ ስላለ በእርከኑ ላይ የነበረው ችግኝ ተበላ፣ ተረገጠ፣ ቅርፊቱም ተላጠ። ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው፣ አፈጻጸሙ ግን ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። የመንዝ ሰዎች ጓሳ በተባለው የጋራ መሬት ያለውን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት በጋራ ሥርዓት ዘግተው፣ በጋራ ከፍተው ሲጠቀሙበት መኖራቸው የዚሁ አውራጃ ሕዝብ ግጦሽን መዝጋት የማያውቅ እንዳልሆነ ያስረዳል፤ ይሁንና ጓሳ ላይ የተዘጋው የጋራ መሬት ነው፣ እዚህ የሚፈለገው ደግሞ የየግሉን ማሳ ለጋራ ከብት መዝጋት ስለሆነ ስምምነቱ ይከብዳል። ቤተሰቡ በሚቀጥለው ክረምት የእርከኑን ክፍተት እንደገና ተክሎ እያንዳንዱን ረድፍ በቀጋ እሾህ አጠረ።

የአቆራረጡ ጉዳይ

የዚህ ታሪክ ዋናው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ዛፎቹ በጥር 2013 ዓ.ም. ከሰው ቁመት በልጠው ነበር። አባወራው ገለባው መሳሳት ሲጀምር በጓሮው ካለው ረድፍ ግማሹን በገጀራ ከመሬት እስከ ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ላይ ቆርጠው፣ ቅጠሉን ለበሬዎቹ ሰጡ፤ ባሕር ዛፍን ሲቆርጡ የኖሩት እንደዚያ ነበርና። ባሕር ዛፍ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢቆረጥ ከጉቶው ዙሪያ ደርዘን ቀንበጥ ያወጣል፤ ኃይሉን ሥሩና የግንዱ ግርጌ ውስጥ ያከማቻልና። ትሪ ሉሰርን እንዲህ ያለ ጉቶ የለውም። ዝቅ ተብሎ፣ ያውም በደረቅ ወቅት፣ ያውም አንዲት ቅጠል ሳይቀርለት ሲቆረጥ አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣበት ኃይል ያጥረዋል። ከተቆረጡት ውስጥ ብዙዎቹ በዚያው ደረቁ፤ ገጀራው ቅርፊቱን የሰነጠቀባቸው ቀድመው ሞቱ።

ከዚህ በኋላ የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ አዲስ አቆራረጥ አወጣ። እኔ የማተኩረው በዚህ አቆራረጥ ላይ ነው፤ ዛፉን ያቆየውም ቤተሰቡን የጠቀመውም ይህ ነውና። መጀመሪያ ከፍታው ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ተደረገ። ሁለተኛ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቅርንጫፍ ቅጠሉን እንደያዘ እንዲቀር ሆነ፤ ይህ ቅርንጫፍ አዲሱ ቀንበጥ እስኪደርስ ድረስ ዛፉን የሚመግበው እርሱ ነው፣ በሚቀጥለው ዙር ይቆረጥና ቦታውን ሌላው ይወስዳል። ሦስተኛ በገጀራ መምታት ቀርቶ በመጋዝ ወይም በተሳለ ማጭድ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ተለመደ።

ወቅቱን የወሰነው ደግሞ ውርጩ ነው። ከተቆረጠ በኋላ የሚወጣው ቀንበጥ ለጋ ስለሆነ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ላይ ከወደቀ ይጠቁራል፤ ዛፉ ለቀንበጡ ያወጣው ኃይልም በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የክረምቱ ቆረጣ በሐምሌና በነሐሴ ይካሄድና ከመስከረም መጀመሪያ አያልፍም፤ ቀንበጡ ውርጭ ሳይደርስበት ጠንከር እንዲል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጥር መጨረሻ ማንም ሰው መጋዝ አያነሣም። በየካቲት ውርጩ ሲለዝብ፣ ገለባውም ሲያጥር፣ ሁለተኛው ቆረጣ ይጀመራል፤ ይህኛው በአንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን ረድፉን ከዳር ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ዛፍ እየቆረጡ እስከ ሚያዝያ የሚዘልቅ ነው። በሞቃት አገር ዛፉ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። በዚህ ከፍታ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ መቁረጥ በሚቀጥለው ዓመት የሚከፈል ብድር ነው።

እንዲህ ከተባለም በኋላ ማገዶው አልመጣም። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቆረጥ ዛፍ የሚሰጠው እንጨት ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር ጭራሮ ነው። ሚስትየው ይህንኑ ለልማት ጣቢያው ሠራተኛ ሳይሸፋፍኑ ነግረውታል፦ «ልጄ፣ የዚህ እሳት ቡና ያፈላል፤ ምጣድ ግን እኩል አያሰማም። ዳር ዳሩ ሳይሰማ መሀሉ ያራል፤ እንጀራዬን ያበላሽብኛል።» ኩበት ቀስ ብሎ፣ እኩል የሚነድ ስለሆነ እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የመኖ ዛፍ ተክሎ «ከእንግዲህ ኩበት ይቀራል» ብሎ መጠበቅ ምጣድ ፊት ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ግምት ነው።

ያኔ ነው ረድፎቹን መለየት የታሰበው። የጓሮው ረድፍ የመኖ ረድፍ ሆኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ሥራውም ውሳኔውም የእናትየው ነው፤ ላሟንና በጎቹን የሚመግቡት እርሳቸው ስለሆኑ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚቆረጥ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። በላይኛው እርከን ላይ ካለው ረድፍ ደግሞ አንዱን ዛፍ ዘልሎ አንዱ ብቻ ለመኖ ይመለመላል፤ የተዘለለው የታችኛው ቅርንጫፉ እየተነሣ ግንዱ ለሦስት ዓመት ያህል ይወፍራል፣ ከዚያም በተራው ይቆረጣል። ግንዱ ሲወፍር የማቆጥቆጥ አቅሙ ስለሚቀንስ ከተቆረጡት አንዳንዶቹ እንደማይመለሱ ታስቦ በየክረምቱ ጥቂት ምትክ ችግኝ ይገባል። ይህ አደረጃጀት በወረቀት ላይ ሲያዩት የተወሳሰበ ቢመስልም በሥራ ላይ አላስቸገረም፤ ምክንያቱም ሁለቱ ረድፎች በቦታም በባለቤትም ተለይተዋል። አንድ ዛፍ ሁለት አዛዥ ሲኖረው ወይ ቶሎ ይቆረጣል ወይ ጭራሽ አይቆረጥም።

በግርግም

በጎቹ ቅጠሉን መጀመሪያ ሲያገኙት አሽትተው ተዉት። ይህ በብዙ ቦታ የሚያጋጥም ነው፤ አንዳንድ ገበሬም «ከብቴ አይበላውም» ብሎ ዛፉን የሚነቅለው በዚህ የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያሉ መራራነት የሚሰጡ ንጥረ ነገሮች በተለይ በደረቅ ወቅት ይበዛሉ፤ ማጠውለግ ይህን ያለዝበዋል። እናትየው ማታ የቆረጡትን ቅርንጫፍ ደጅ ላይ አሳድረው ጠዋት ቅጠሉን ይሸመጥጡና ከገብስ ገለባ ጋር ያደባልቁታል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ይረጩበት ነበር። ከዕለቱ መኖ ሲሶ ያህሉ እስኪሆን ድረስ ቀስ በቀስ ጨመሩት፤ ከዚያ በላይ አይሰጡም። ገለባውም ራሱ ከቅጠሉ ጋር ሲሆን በተሻለ ይበላል፤ ግርግሙ ውስጥ የሚቀረው ትራፊ መቀነሱን ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ ያስተዋለችው ትልቋ ልጅ ናት፣ ግርግሙን የምትጠርገው እርሷ ናትና።

የቅጠሉ ዋና ተጠቃሚ ማን ይሁን የሚለውን የወሰነው የቀን መቁጠሪያው ነው። የየካቲቱ ቆረጣ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በዚያ 55 ቀን ወተት በቤት ስለማይጠጣ የላሟ ወተት ወደ ቅቤ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ደግሞ ለፋሲካ ገበያ ለሚደልቡት ሁለት ሦስት ሙክቶች ይቀድማል። ፉርሽካ መግዛት ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ድለባው ሊያልቅ ሲቃረብ አሁንም ይገዛሉ፣ ነገር ግን ከበፊቱ ያነሰ። በሬዎቹ ተራ የሚደርሳቸው ለበልግ እርሻ ሲጠመዱ ነው፣ ከዚያ ውጪ ገለባ ነው ምግባቸው። እንዲህ ያለውን ድልድል ትክክለኛ ነው እላለሁ፤ ጥቂቱን ቅጠል ለሁሉም እኩል ማዳረስ ለማንም እንዳይበቃ ማድረግ ነው።

ኩበቱን የቀነሰው ምን ነበር

ቤተሰቡ በድንጋያማው ጥግ፣ ከምንጩም ከእርሻውም ራቅ ባለ ቦታ፣ ከድሮ ጀምሮ የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ ነበረው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የገባው ይህ ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ አፈር ያደኸያል እየተባለ ሲወቀስ ኖሯል፤ ወቀሳው በእርሻ ዳርና በምንጭ አጠገብ ለተተከለው እውነትነት አለው። በዚህ ቤት ግን ከኩበቱ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የቀነሰው እርሱ ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ ከአንድ ጉቶ የሚወጣው ቀንበጥ ሁሉ እየተተወ ቀጫጭን ሆኖ ያድግ ነበር፤ አሁን ከተቆረጠ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ደህና ቀንበጥ ብቻ እየቀረ ሌላው ይሳሳል። የሳሳው ለማገዶ፣ የቀረው ወፍሮ ለማገርና ለወራጅ ይሆናል፤ የሽያጩ ገንዘብ የአባወራው ድርሻ ነው። የረገፈው ቅጠልና ቅርፊቱ ደግሞ ለምጣድ የሚሆን ነበልባል ይሰጣል። የእንጦጦ ቅጠል ለቃሚዎች አዲስ አበባን ለብዙ ዘመን ያገለገሉት በዚሁ ማገዶ ነው።

ይህም ቢሆን ዋጋ አለው። ቅጠሉ ከሥሩ ተጠርጎ ሲወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ተዳፋት ላይ ክረምቱ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የላይኛው ግማሽ እንዲጠረግ፣ ከታች በእርከኑ አናት ላይ ያለው ግን እንዳይነካ ተስማሙ። ስምምነቱ ሁልጊዜ ይከበራል ማለት አይቻልም፤ በተለይ በክረምት ደረቅ ማገዶ ሲጠፋ ሁሉም ይጠረጋል።

ኋላ ላይ ቤቱ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራውን «ምርጥ» የተባለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አስገባ። ምድጃው ምጣዱን ከሥሩ ዙሪያውን ስለሚዘጋው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የሚፈጀው ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ሙቀቱን ስለሚይዝም የትሪ ሉሰርኑን ጭራሮ ለእንጀራ የሚያበቃው እርሱ ሆነ። ሚስትየው አሁን ለአንድ ጋገራ ጭራሮውንና የባሕር ዛፉን ቅጠል ቀላቅለው ይጠቀማሉ፤ ኩበት የሚጨምሩት ጋገራው ሲበዛ፣ ለሰንበቴ ወይም ለተዝካር ነው። ከምድጃው የተረፈው እበት ግን ሁሉም ማሳ አልገባም። ከፊሉ ኩበት ሆኖ እንደ ቀድሞው ገበያ ይወጣል፤ ገንዘቡ ለልጆቹ ደብተርና ለዘይት ይውላል። ማሳ የገባው ከፊሉ ከቤቱ አጠገብ ባለው የገብስ መሬት ላይ ብቻ ነው፣ ለሩቁ ማሳ እርጥብ ፍግ ተሸክሞ መሄድ ትርፍ ጉልበት ይጠይቃልና። አንድ ዛፍ ተከላ የአፈርን ለምነት ይመልሳል ተብሎ የሚቀርበው ሪፖርት ይህን ርቀትና ይህን የገበያ ገንዘብ ካልቆጠረ የተሟላ አይሆንም።

የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ዛሬ አርጅተዋል፤ በጓሮው ረድፍ ግንዳቸው የተቦረቦረ፣ ቀንበጣቸው የሳሳ አለ። ቤተሰቡ ምትኩን የሚያዘጋጀው ከራሱ ዘር ነው። ለዘር የተተዉት ጥቂት ዛፎች አይቆረጡም፤ የፍሬው ከረጢት ጠቁሮ ሲደርቅ በፀሐይ ተሰንጥቆ ዘሩን ወዲያ ወዲህ ስለሚያፈናጥር ከመፈንዳቱ በፊት ተለቅሞ በጆንያ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ዘሩ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል፤ የፈላ ውኃ አፍስሰውበት እስኪበርድ ያሳድሩታል፣ ያበጠውን ለይተው ይዘሩታል፣ ያላበጠውን እንደገና ይነክሩታል። ጎረቤቶችም ዘር እየጠየቁ ነው። አባወራው ዘሩን የሚሰጡት ተቀባዩ በእርከኑ ላይ ካለው ማሳ የቃርሚያ ግጦሹን ለመዝጋት በፈቀደ ጊዜ ነው፤ እስካሁን የተስማሙት ከእርሳቸው ማሳ ጋር የሚዋሰኑት ሦስት ቤቶች ሲሆኑ፣ የቀሩት «ከብታችንን የት እንወስደዋለን» የሚል ጥያቄ አላቸው፤ ጥያቄው በቀበሌው የውስጠ ደንብ ውይይት ላይ ቀርቦ ገና እልባት አላገኘም።